ግንባሩ መሬት የናፈቀው ደላላ

ጅጅጋ ውስጥ፣ በእኔ ዕድሜ ሆኖ የጭነት መኪና ቮላኖ፣ ያን ሞተር ጀርባ ላይ የሚታሰር ክብ ከባድ ብረት፣ ከመሬት አንስቶ ደረቱ ላይ የሚያቅፍ ሽማግሌ ካለ መጥቶ ያሳየኝ። እስካሁን የመጣ የለም። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ቀጭንና ሳል የማይለየው ሰው ስለነበር ከእሱ ወረስኩት ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤትም አላስተማረኝም፤ ገና በልጅነቴ ደብተሬን ጥዬ ጋራዥ ገብቻለሁ። ሁሉንም ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፣ እውነት ነዋ።

ነገሩ የጀመረው ጋራዡን ለልጄ አስረክቤ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሆዴ ከመኪናዬ መሪ ጋር መነካካት ጀመረ። ጫማዬን ለማሰር እግሬን ወንበር ላይ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ሌላው ሰው ይህን ሲያይ ዕድሜ ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ የማይሠራ ነገር ሳይ ካልፈታሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላይ የሰውነት ክፍሎችን በሥዕል የሚያሳይ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ገዛሁ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ያልገባኝን ስልኬ ላይ በቪዲዮ እያየሁ፣ የትኛው ጡንቻ የትኛውን አጥንት እንደሚጎትት አንድ በአንድ ለየሁ። አንድ ነገር በጣም አስገረመኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የማውቀው ማሽን ሲሠራ ያልቃል። ጡንቻ ግን በሥራ ይጨምራል፣ የሚያልቀው ሲቀመጥ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ተሸክሜ እየዞርኩ የሌላ ሰው መኪና ስጠግን መኖሬ አናደደኝ።

ከቤቴ ጋር የተያያዘውን የጋራዡን ጓሮ ጠርጌ ስፖርት ቤት አደረግኩት። ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ አሸዋ የተሞላ ጄሪካን፣ አሮጌ ጎማ፣ ሁሉም እዚያው ነበር፤ የገዛሁት ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት አንድ ቀን እያሳለፍኩ ሠራሁ፤ ከገበታዬ ላይ እንጀራውን ቀንሼ ምስሩን፣ እንቁላሉንና ሥጋውን አስቀደምኩ። ዓመት ሳይሞላ ሱሪዎቼን በሙሉ ልብስ ሰፊ አጠበበልኝ። ዛሬም ያው ሱሪ ነው የምለብሰው። ስፖርት የሚሠሩ የሠፈር ወጣቶች "ፋዘር፣ ምስጢሩ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ምስጢር የለውም፣ አለማቋረጥ ነው እላቸዋለሁ፤ እነሱ ግን ምስጢሩን ደበቀን ብለው ይሄዳሉ።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ስለ ወዳጄ ለመናገር መብት እንዳለኝ እንዲታወቅልኝ ነው። ምክንያቱም እኔ የሠራሁት ሥራ ከእሱ ሥራ ጋር ሲወዳደር ቀላል ነበር።

ወዳጄ የከብት ደላላ ነው። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም ሶማሌ፤ ከልጅነት ጀምሮ አንድ ሠፈር ነው ያደግነው። ጅጅጋ የከብት ገበያ ውስጥ ድምፁ ከበሬዎቹ በላይ ይሰማል። ከሐርተሼክም ሆነ ከሌላ ቦታ ግመልና በግ ይዞ የሚመጣ አርብቶ አደር መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ዋሽቶ አያውቅምና። እጁን የበሬ ሽንጥ ላይ ካሳረፈ ቆዳው ሥር ያለው ሥጋ ይሁን ሞራ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። ነገር ግን እሱ ራሱ ወፍሮ ነበር፣ በጣም። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ባጃጁ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ሹፌሩም "አደር፣ መሃል፣ መሃል ተቀመጥ!" እያለ ይለምነዋል፤ አደር አጎቴ ማለት ነው። በእኛ ከተማ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ትልቅ ሰው ትልቅ ሆድ ቢኖረው ቤቱ ሙሉ ነው ማለት ነው። እሱም ሆዱን እየመታ ይስቅበት ነበር።

የኮሮናው ዘመን አልፎ ሰው እንደገና ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መስገድ በጀመረበት ጊዜ፣ አንድ ኢድ ላይ ሕፃን ሳለ ከለቀቃት ከትውልድ ከተማው ከሐርተሼክ ተመልሶ ጓሮዬ መጣ። ጎማ ላይ ተቀመጠ። ቀልድ አልነበረውም።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ወንድሜ ወንበር አመጣልኝ።"

"ታዲያ ምን አለበት?"

"ታላቅ ወንድሜ ነው። ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣል። እሱ መሬት ላይ ሊሰግድ፣ ለእኔ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ በሕዝብ መሃል አለፈ። በፍቅር ነው ያመጣው፣ ወላሂ በፍቅር። ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ሲያደርግ እኔ ከላይ ሆኜ ጀርባቸውን አየሁ።"

ጉልበቱ ከታመመ ጀምሮ በወንበር እንደሚሰግድ አውቅ ነበር። "ይፈቀዳል አላልከኝም?" አልኩት።

"ይፈቀዳል። ሼኹም ነግሮኛል፣ አላህም ያውቃል። ግን ዋርያ፣ ግንባሬ መሬት ናፍቆታል።"

ይህን ሲል መሬቱን እያየ ነበር። እኔም ወዲያው "ለሚመጣው ዓመት ኢድ መሬት ላይ ታደርገዋለህ፣ እኔ አለሁ" አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ የሚያውቀውን ይዞ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው።

እሱ ግን አልሰማኝም፤ ቸኮለ። ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎታል፣ ስለዚህ ክብደቱን በደላላ ፍጥነት ሊቀንስ ወሰነ። ሰናመኪ አፍልቶ ይጠጣል፣ ሆዱን ያጥባል፣ ቀኑን ሙሉ ጫት ይዞ ይቀመጣል፣ እህል አይቀምስም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳየው ጉንጩ ገብቷል፣ ሽርጡን በመቀነት አስሯል፣ ደስ ብሎታል። "አየኸኝ? ያለ ብረትህ ቀለልኩ!" አለኝ። ቤቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሊሸኘኝ ሊነሣ ሲሞክር አልቻለም። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ በእጁ ግድግዳውን ያዘ፣ ላብ አጠመቀው፤ ሚስቱና እኔ በግራና በቀኝ ገብተን አነሣነው። ወፍሮ እያለ ቢያንስ ራሱን ያነሣ ነበር።

ሚስቱ ቀልደኛና ኃይለኛ ሴት ናት። "አቦዌ" አለችኝ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፣ "ይሄን ሰውዬ ወስደህ እንደ መኪና ጠግነው። ካልሆነ ለብረት ሻጭ ስጠው።"

እሱን ለማሳመን መጽሐፌን አላወጣሁም። በሚያውቀው መጣሁበት። "በሬ ከገበያ በፊት ጨው አልሰው ውሃ የሚያጠጡትን ነጋዴዎች ታውቃቸዋለህ?" አልኩት።

"ሌቦች!" አለ። "ሆዱን ነፍተው ሥጋ አስመስለው የሚሸጡ። እኔ አላደርገውም።"

"አንተ ደግሞ በተገላቢጦሽ አድርገኸዋል። ሆድህን አፍስሰህ የቀለልክ አስመሰልክ። ድርቅ የመታው በሬ መጀመሪያ ከየት ይከሳል?"

አሰበ። "ከሽንጡና ከጭኑ" አለ ቀስ ብሎ።

"በል፣ እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ።"

እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገበያ ላይ እንደሚያደርገው። ከዚያ ሆዱን ያዘ። ሞራው እንዳለ ነው፣ የሄደው ሥጋው ነው። የዚያን ጊዜ ፊቱን ባያችሁት! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ ከብት የገዛ ሰው ይመስል ነበር። "ወላሂ፣ ይሄን እኔ ራሴ አልገዛውም" አለ።

በማግስቱ ጓሮዬ ተገኘ።

እኔ የፈለሰፍኩት ነገር ይህ ነው፤ በቪዲዮ አላየሁትም፣ ማንም አላሳየኝም። አሮጌ ጎማዎች ደራርቤ እስከ ወገቡ የሚደርስ መቀመጫ ሠራሁ። ሥራው መቀመጥና መነሣት ብቻ ነው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ሳያስደግፍ፣ ቀስ ብሎ። ያ ከፍታ ሲቀለው አንድ ጎማ እናወጣለን፤ መቀመጫው ዝቅ ይላል። ሲቀለው ደግሞ ሌላ። ለጀርባውና ለትከሻው አሸዋ የተሞላ ጄሪካን ያነሣል፤ መጀመሪያ ግማሽ፣ በኋላ ሙሉ። ጉልበቱ ሲያመው እናቆማለን እንጂ በግድ አንገፋም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰደበኝን ስድብ በአማርኛም በሶማሊኛም መጻፍ አይቻልም።

"ይሄ ስፖርት ነው? ሕፃን ነው እንዴ የምታደርገኝ? ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ!"

"ሕፃን ያለ እጁ ይነሣል። መጀመሪያ እዚያ ድረስ።"

ምግቡ ላይ የነበረው ጦርነት ከዚህ ይብስ ነበር። ወዳጄ ቁርሱ ጉበት በላሆህ ነው፣ ያ ስስ የሶማሌ እንጀራ። ጉበቱን አልነካሁበትም፤ ላሆሁን ከክምር ወደ አንድ አወረድኩት። ምሳ ላይ የሩዙን ተራራ ቀንሰን የፍየል ሥጋውን ተውን፣ ባቄላ ጨመርን። የግመል ወተቱ አልተነካበትም፤ ስኳር የሚዘፈቅበት ሻይ ግን ቀረበት። ጫቱን ከሥሩ ነቅዬ ልጣል አላልኩም፤ አብሮት የሚጠጣውን ለስላሳና፣ ምርቃናው ሲወርድ ማታ የሚከመረውን ፓስታ ከለከልኩ። ያ ሲቀር ጫቱም ጣዕም አጣለትና በራሱ ጊዜ ቀነሰው። ጎመንና ቲማቲም ሳቀርብለት ግን ተነሥቶ ሊሄድ ነበር።

"ቅጠል የምትበላው ፍየል ናት" አለኝ። "ፍየሏን ደግሞ እኔ እበላለሁ። ስለዚህ በልቼዋለሁ ማለት ነው።"

ሚስቱ ከጓዳ ሆና "ጫቱስ ምንድን ነው? ሥጋ ነው?" አለች።

ከዚያ በኋላ ጎመኑን ዝም ብሎ በላ።

ክብደቱ በሚዛን እንዲለካ ብጠይቀው እምቢ አለ። "ሚዛን ሥጋና ሞራ አይለይም" ብሎ በእጁ መዳበሱን ቀጠለ። እኔም ተከራከርኩና በኋላ ተውኩት፤ ልክ ነበራ። በየሳምንቱ ጎኑንና ጭኑን ይይዛል፣ "ሆዱ አሁንም ውሸታም ነው፣ ጭኑ ግን እውነት መናገር ጀምሯል" ይለኛል። መቀመጫውም ዝቅ እያለ ሄደ። ሰውየውን ማድነቅ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። እኔ ስጀምር ጤነኛ ጉልበት ነበረኝ። እሱ ግን እያንዳንዱን ዝቅታ ጥርሱን ነክሶ ነው ያገኘው። ዝናብ ቢዘንብ ይመጣል፣ ገበያ ቢሞቅ ይመጣል፤ አንድ ቀን እኔ ራሴ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ብቀር ጓሮው ውስጥ ጎማ ሲጎትት ሰማሁት።

ችግር የመጣው ከገበያ ነው። ፊቱ ሲሳሳ ሰው ታሟል ማለት ጀመረ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው በፈቃዱ ይከሳል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ወይ ስኳር በሽታ ነው፣ ወይ ኪሳራ ነው፣ ወይ ሊነገር የማይችል ነገር። ሚስቱን እየመጡ ያጽናኗታል። አንድ የድሮ ደንበኛው ቅቤ ልኮለት "ጠጣው፣ ይመልስሃል" አለው። አንዳንዱ አርብቶ አደር ከብቱን ወደ ሌላ ደላላ ይዞ መሄድ ጀመረ፤ ነገ የሚሞት ሰው ዘንድ ማን ከብት ይተዋል? ሐርተሼክ ድረስ ወሬው ደርሶ ታላቅ ወንድሙ ደወለ።

"እንተወው ይሆን?" አለኝ አንድ ጠዋት፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ። "የሰው አፍ ከበደኝ።"

"ኢዱስ?" አልኩት።

ተነሣ፣ ያለ እጁ።

በዚያው ሰሞን እኔም ገበያ ሄጄ ነበርና በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። የተሸጡ በጎች መኪና ላይ እየተጫኑ ነበር። አንድ ትልቅ ጥቁር ራስ ሙክት መወጣጫው ላይ አልወጣ ብሎ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። ጫኚዎቹ ቀንዱን ፍለጋ እጃቸውን ቢሰዱም ቀንድ የለው፤ ላቱን ቢይዙት ይዞራል። ሰው ይስቃል። ወዳጄ ሽርጡን አጠበቀ። ጎንበስ አላለም፤ ጓሮዬ ውስጥ እንዳስተማርኩት ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ከጉልበቱ ወርዶ፣ ሙክቱን ከሥር አቅፎ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ተነሣ፤ የመኪናው ወለል ላይ አሳረፈው። ዞሮም ትንፋሹን ሰበሰበና "የታመመው የትኛው ነው? በጉ ነው?" አላቸው።

አንዱ ሽማግሌ "ኧረ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው!" ሲል ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ወሬው በዚያ ቀን ተቀየረ። ሚስቱ ግን ይህኛውን ወሬ ስትሰማ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ እኔም አብሬ ተወቀስኩ።

የመጨረሻው ፈተና ረመዳን ነበር። ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበርና እኔም ሥጋ አልበላም። የለፋንበት ሁሉ በአንድ ወር እንዳይቀልጥ ፈራ። "ቀን አልበላም፣ ማታ ደግሞ ሳንቡሳው አለ" አለኝ። እኔ ያወጣሁት ዘዴ ቀላል ነበር፤ ሥራውን አናቆምም፣ እናቀልለዋለን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥቂት ቁጭ ብድግ፣ ጄሪካኑ በግማሽ፤ ወዲያው በቴምርና በውሃ ያፈጥራል፣ ከዚያ ሾርባና ሥጋ፣ ሳንቡሳው ለቅምሻ። ሱሁር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ባቄላና እንቁላል። እኔም በምስርና በኦቾሎኒ ተደግፌ አብሬው ሠራሁ። ሁለት ጾመኛ ሽማግሌዎች ጓሮ ውስጥ ዝም ብለን ቁጭ ብድግ ስንል ላየን ሰው የጸሎት ዓይነት ሳይመስለው አይቀርም። ወሩ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን ጎማ አወጣሁና መሬቱን አሳየሁት። ወረደ። ተነሣ፣ ግን አንድ እጁን መሬት ላይ ተክሎ። "ለሱጁድ እጅ መትከል ይፈቀዳል" አለኝ እየሳቀ፤ ሱጁድ ግንባርን መሬት ማስነካቱ ነው። ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም።

ኢድ ዋዜማ ላይ በመኪናዬ ሐርተሼክ ወሰድኩት። በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ ሜዳው ላይ ሲሰለፍ እኔ ዳር ካሉት መኪናዎች አጠገብ ቆምኩ። ታላቅ ወንድሙ ያን ወንበር ይዞ መጣ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ። ወዳጄ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለውና ወንበሩን ተቀብሎ ወደ እኔ አመጣው። "እንግዳ ይቀመጥ" ብሎኝ ተመለሰ፣ ከወንድሙ ጎንም ቆመ።

አልተቀመጥኩም። እጄ ወንበሩን እንደያዘ ነበር። ሰልፉ ሲወርድ እሱም ወረደ፣ ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ። ከዚያ በነጭ ልብስ ባሕር ውስጥ የቱ እሱ እንደሆነ ጠፋኝ። ሲነሡም አብሮ ተነሣ። እኔ፣ ክርስቲያን የሆንኩ ሰው፣ ዓይኔ እርጥብ ሆነ፤ አቧራው ነው ብል ማንም አያምነኝም።

ሶላቱ ሲያልቅ ወንድሙ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ ተሳሳቁ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፤ እሱም በልኩ በላ፣ ማንም ሳይቆጣጠረው።

ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ግን ዓይኑን ከመስኮቱ ውጪ ተክሎ ነበር። ደስታው ነው ብዬ እኔ ስለ ሥራዬ እያወራሁ፣ ለሰው ሁሉ የማስተምረውን እየዘረዘርኩ ስነዳ አቋረጠኝ።

"ዛሬ ጠዋት የሰገድኩት ለጉልበቴ ነው" አለ።

"ማለት?"

"አላህ ይቅር ይበለኝ። ስወርድ ጉልበቴን፣ ስነሣ ጉልበቴን አሰብኩ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ምንም አልሰማሁም። ይነሣ ይሆን እያልኩ ነበር። ዓመት ሙሉ የናፈቅኩትን አግኝቼ፣ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። መኪናውን አቁም።"

ቀትር ሆኖ ነበር። ከመንገዱ ዳር አቆምኩ። ከጠርሙስ ውሃ አፍስሶ ታጠበ፣ ኩታውን ጠጠሩ ላይ ዘረጋ፣ ቆመ። ማንም አያየውም ነበር፣ ከእኔና ከርቀት ከሚግጡ ፍየሎች በስተቀር። እኔም የሚጸልይን ሰው ማየት ነውር ስለሚመስለኝ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ፤ መስታወቱ ውስጥ ግን ይታይ ነበር።

ወረደ። ግንባሩ መሬት ላይ አረፈ። ሰከንድ አለፈ፣ ሌላ አለፈ። አልተነሣም። ነፋሱ የኩታውን ጫፍ ያነሣል፣ እሱ አይንቀሳቀስም። ቆየ፣ በጣም ቆየ። የሠራሁለትን ሥራ ሁሉ በልቤ መረመርኩ፣ ጭኑን፣ ሽንጡን፣ ጀርባውን። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ የመኪናውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አወረድኩ።

የዚያን ጊዜ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እጁን የትም ሳይተክል።

ጨርሶ ሲመጣ ግንባሩ ላይ ቀይ አቧራ ተለጥፎ ነበር። አልጠረገውም። እኔን አየኝ፣ የተከፈተውን በር አየ።

"ምን ሆነህ ነው የወረድከው?" አለኝ።

"ሞቀኝ" አልኩት።